ምንም የላትም

መኪና ሲነሳ ካልጮኸ ተነሳ አይባልም ይላል አባዬ። እኔ የምነዳው በኤሌክትሪክ የሚሄድ የቻይና መኪና ነው፤ ቁልፍ ማዞር የለ፣ ማሞቅ የለ፣ አንድ ነገር ተጭኜ እሄዳለሁ። ግቢ ይዤው የገባሁ ዕለት ዙሪያውን ዞሮ አየው፣ ኮፈኑን አስከፈተኝ፣ ውስጡን ቢያይ የሚያውቀውን ሞተር አጣበት። «ፅጌ፣ ይሄ መኪና አይደለም። ፍሪጅ ነው» አለኝ። ከንጋት እስከ ምሽት ተሳፋሪ የማመላልስበትን እንጀራዬን ፍሪጅ ብሎት ገባ። እኔም ከእሱ የወረስኩት ምላስ ስላለኝ «ያንተዋ ደግሞ የስፌት መኪና ናት» ብዬ ተከተልኩት። አኮረፈኝ፤ ሽማግሌ ሳይገባ የታረቅነው እኔ ዶሮ ገዝቼ ስለመጣሁ ነው።

የእሱዋ ቮልስ ናት። ሰማያዊ፣ ክብ፣ በዕድሜ ከእኔ የምትበልጥ። አባዬ ተክለማርያም ጡረታ እስኪወጣ ድረስ የመሥሪያ ቤት ሹፌር ነበር፤ ሳምንቱን ሙሉ የመንግሥት መኪና ይነዳና እሁድ እሁድ እማዬን ከጎኑ አስቀምጦ የራሱን ይነዳል። ቀራንዮ መድኃኔዓለም ጀርባ ያለው ግቢያችን ዙሪያውን ፎቅ ተነሥቶበት እኛ ብቻ ከነቆርቆሯችን ቀርተናል። ቢሆንም የቮልሷ መጠለያ ከመኝታ ቤታችን ጣሪያ ቀድሞ ነው የሚታደሰው። እማዬ «ጣውንቴ» ትላታለች።

ከእኔ ሌላ ልጅ የላቸውም፤ እኔም አሁን ተከራይቼ ለብቻዬ ነው የምኖረው። ወንድ ልጅ ቢኖረው ካቻቢቴ የሚያቀብለው እሱ ይሆን ነበር፤ ስለሌለ እኔ ሆንኩ። የሰፈሩ ልጆች ሱዚ ሲዘሉ እኔ የቮልስ ሆድ ሥር ነበርኩ። መኪና አልነሳም ሲል ምን እንደሚደረግ ፊደል ቆጥሬ ሳልጨርስ አውቄዋለሁ። «አትደንግጪ» ይለኝ ነበር። «አልነሳም ያለ መኪና እንደታመመ ሰው ነው፤ የቱ ጋ እንደሚያመው በተራ ትጠይቂዋለሽ። ባትሪው ደህና ነው? ሞተሩን የሚያስነሳው ሞተሪኖ ይዞራል? ቤንዚን ይደርሳል? እሳት አለ? ከእነዚህ አንዱ ዋሽቷል። ዋሾውን እስክታገኚው ሁሉንም ጠርጥሪ።»

ከሁሉም አስበልጦ ያስተማረኝ ግን ስለ ምላሷ ነው። የሞተሩ ጎን ላይ ቤንዚኑን የሚያቀጣጥሉት የካንዴላዎቹ ገመድ ሁሉ የሚሰበሰብበት ዲስትሪቢውተር የሚሉት ነገር አለ። ክዳኑን ሲያነሡት መሐሉ ላይ አውራ ጣት የምታክል ቁራጭ አለች፤ ሞተሩ ሲዞር አብራ እየዞረች እሳቱን ለየካንዴላው የምታድለው እሷ ናት። ጋራዥ ቤት ሮተር ይሏታል፤ አባዬ ምላስ ይላታል። ያለ ካቻቢቴ፣ በእጅ ተነቅላ ትወጣለች። እሷ ከሌለች ባትሪው ጢም ቢል፣ ቤንዚኑ ቢትረፈረፍ፣ መኪናዋ እህ እህ ትላለች እንጂ አትናገርም። የድሮ ሹፌር የሚያድርበት ቦታ ካላማረው ሲመሽ ምላሷን ነቅሎ ኪሱ ይከትና ይተኛል። «ያልጠረጠረ ተመነጠረ» ከአቡነ ዘበሰማያት ቀጥላ የምትመጣ የአባዬ ጸሎት ናት።

በግንቦት 83 ከተማው ሲታመስ፣ የሚሸሹ ወታደሮች ያገኙትን መኪና እየቀሙ በሚሄዱበት ሰሞን፣ አባዬ አመሻሽ ላይ ምላሷን ነቅሎ ለእማዬ ሰጣት። እማዬም መቀነቷ ጫፍ ላይ ቋጠረቻት። እንደፈራውም ወታደሮች መጡ፤ ቁልፉን ቢያዞሩ ቢያዞሩ ቮልሷ እህ እህ ብቻ። «ምን ሆና ነው?» ብለው ሲጮኹ፣ እኔ ገና ጥርሴ ያልተቀየረ ልጅ፣ ከእማዬ ቀሚስ ጀርባ ብቅ ብዬ «ምላሷን እማዬ ደብቃታለች» አልኳቸው። የልጅ ተረት መስሏቸው ስቀው ሄዱ። አባዬ ይህን ታሪክ በየፋሲካው ለእንግዳ ያወራዋል። ሲጨርስ ጣቱን ወደ እኔ ይቀስርና «ለእሷ ምስጢር አይነገርም፤ ታወራለች» ይላል። የሰሙትም ያልሰሙትም ይስቃሉ።

ዘንድሮ ክረምቱ ከወጣ ወዲህ ነው ነገር የተበላሸው። ከዚያም በፊት ስም መርሳት ጀምሮ ነበር፤ ሻይ ላይ ጨው ጨምሮ «ስኳሩ ከየት የተገዛ ነው?» ብሎ ሱቅ ሊጣላ ሄዶ ነበር። እርጅና ነው አልን። እርጅና ምን ይላል፣ የጫኑበትን ሁሉ ይሸከማል።

ማክሰኞ ከሰዓት በኋላ ተሳፋሪ ይዤ ስሄድ ስልኬ ጠራ። ቁጥሩ የአባዬ፣ ድምፁ የማላውቀው ሰው። ትራፊክ ፖሊስ ነበር። ከአስኮ አለፍ ብሎ፣ ወደ ቡራዩ በሚወስደው መንገድ ላይ። ተሳፋሪዬን አውርጄ እንዴት እንደደረስኩ አላውቅም። ቮልሷ እንደተነሣች፣ በሯ ተከፍቶ፣ አስፋልቱ መሐል ቆማለች፤ ከኋላዋ ያለው መኪና ሁሉ ጥሩምባውን ያስጮኻል። አባዬ ጠርዙ ላይ ኮቱን ቆልፎ፣ እጁን ፊት ለፊት አጣምሮ ቀጥ ብሎ ቆሟል።

«አባዬ! እዚህ ምን ትሠራለህ?»

አንገቱን ዝቅ አድርጎ፣ እንደማያውቀኝ ሰው በትሕትና፣ «ኃላፊዬን እየጠበቅሁ ነው። ስብሰባ ላይ ናቸው» አለኝ።

ኃላፊው ከሞቱ ቆይተዋል። ቀብራቸው ላይ አብረን ቆመን አፈር ሲመለስ አይተናል። ፖሊሱ ገና ወጣት ነው፤ አልተቆጣም፤ ክንዱን ይዞ መኪናው ውስጥ አስገባልኝ። ቢቆጣ ይሻለኝ ነበር፤ የምሰድበው ሰው አገኝ ነበር።

ፍሪጄን እዚያው ጥግ አስይዤ ቮልሷን እየነዳሁ ወደ ቤት መለስኩት። ቀራንዮ ስንደርስ ራሱን አገኘ። ራሱን ሲያገኝ አፈረ። አንጀቴን የበላው ያ ማፈሩ ነው፤ አባዬን አፍሮ አይቼው አላውቅም።

«ነገ ሐኪም ቤት እንሄዳለን» አልኩት።

«እኔ ምንም የለኝም» አለና በሩን ዘግቶ ገባ።

በማግስቱ ልወስደው ስመጣ የቮልሷ የኋላ ኮፈን ተከፍቷል፤ አባዬ ሞተሯ ላይ ተደፍቷል። አልነሳም ብላለች።

«ትናንት ስትነጃት ምን አድርገሽብኝ ነው?» አለኝ ቀና ሳይል።

ደሜ ፈላ። «እኔ ምን አደርጋታለሁ? ከመሐል አስፋልት ለቅሜህ መጣሁ እንጂ!» አልኩት። ካፌ ከወጣ በኋላ ነው የሰማሁት። እሱም ሰማው። ጨርቁን አጥፎ ጣሪያዋ ላይ አስቀመጠና ቀስ ብሎ ተናገረ።

«አንቺ አብዷል ብለሻል። መልካም። ይቺን መኪና ዕድሜ ልኬን ያከምኳት እኔ ነኝ። እስከ እሁድ በገዛ እጄ አስነሳታለሁ። ካስነሳኋት ጭንቅላቴ ደህና ነው ማለት ነው፤ ሐኪም የሚል ቃል ካፍሽ እንዳልሰማ። ካቃተኝ ደግሞ ቁልፉን እሰጥሻለሁ፤ ወደፈለግሽበት ውሰጂኝ።»

«ቃልህ ነው?»

«የተናገሩት ከሚጠፋ የወለዱት ይጥፋ።»

«የወለድከው እኮ እኔን ብቻ ነው፤ ተጠንቀቅ» አልኩት። ሳቀ። እኔም ሳቅሁ። እንደ ድሮው ሆንን።

እውነቱን ለመናገር እንዲያሸንፈኝ ነበር የምፈልገው። ዋሾውን ካገኘው አባቴ ገና አለ ማለት ነው አልኩ። የአስኮው ነገር ፀሐይ መትቶት ይሆናል፣ ሳይበላ ወጥቶ ይሆናል አልኩ። ሰው ተስፋ ማድረግ ሲፈልግ ሰበብ አያጣም። በየቀኑ ተሳፋሪ በጫንኩ ባወረድኩ ቁጥር እደውላለሁ። «ተነሣች?» እላለሁ። «ነገ ትነሳለች። ዛሬ ካንዴላዎቹን ፈትቼ በቤንዚን አጠብኋቸው» ይለኛል። በነጋታው ስደውል «ዛሬ ካንዴላዎቹን ፈትቼ በቤንዚን አጠብኋቸው» ይለኛል። በሦስተኛውም። እየሰማሁ አልሰማሁም። እማዬን «እንዴት ነው?» ብላት «ደህና ነው» ትላለች፤ ከዚያ በላይ አንዲት ቃል አይወጣትም።

ቅዳሜ 18 ማዞሪያ ወረድኩና ረሻድን አገኘሁት። ረሻድ ከታክሲ መዞሪያው ጀርባ ጋራዥ አለው፤ አሮጌ መኪና የሚወድ ሰው እሱ ብቻ ቀርቷል። ነገሩን ነገርኩት። «መጥተህ ከጎኑ ቁም። ግን አትንካ። ችግሩን ብታየውም ዝም በል፤ እሱ ራሱ ያግኘው» አልኩት። ረሻድ ጺሙን አሻሸና «ዝም ማለት ካልቀረ ለምን እመጣለሁ?» አለኝ። «ብቻዬን እንዳልሆን» አልኩት። ከዚያ ወዲያ አልጠየቀኝም።

እሁድ ከምሳ በኋላ ረሻድ መሣሪያውን በፌስታል ይዞ መጣ።

«ጋሼ ተክሌ፣ እንዴት ዋሉ? ልማር ነው የመጣሁት፤ እኔ ዛሬ ተማሪ ነኝ።»

አባዬ ደስ አለው። ጺሙን ተላጭቷል፤ ቱታው ታጥቦ ተተኩሷል። ለሠርግ የተጠራ ይመስላል። «እሺ፣ በሉ እንጠይቃት» አለና እጅጌውን ሰበሰበ። «ፅጌ፣ ቁልፉን ያዢ፤ ስልሽ ብቻ ታዞሪያለሽ።»

መጀመሪያ የኋላውን መቀመጫ አነሣ፤ የቮልስ ባትሪ እዚያ ሥር ነው የሚተኛው። በሽቦና በአምፖል ሞከረው፤ ቦግ አለ። «ባትሪው አልዋሸም።» አዙሪ ሲለኝ አዞርኩ፤ ሞተሪኖው እህ እህ እህ ብሎ ዞረ። «ሞተሪኖውም አልዋሸም።» የቤንዚኑን ቱቦ ከካርቡራተሩ ነቅሎ አፉን የተቆረጠ ሃይላንድ ውስጥ አገባው፤ ሳዞር ቤንዚኑ ፊጭ ፊጭ እያለ ወጣ። አሸተተው፣ ቱቦውን መለሰ። «ሆዷም ደህና ነው። የቀረችው እሳቷ ናት።»

አንዱንም አልዘለለም፣ አንዱንም አልደገመም። ረሻድ ከጀርባው ሆኖ አውራ ጣቱን አሳየኝ። ልቤ ሞቀ። ይሄ ሰው ነው የታመመው? አልኩ ለራሴ። እንኳን ቮልስ ፍሪጁንም ያስነሳዋል።

እሳቱ ከሚመነጭበት ከኮይሉ የሚመጣውን ወፍራም ገመድ ነቅሎ በደረቅ ጨርቅ ያዘና ጫፉን ወደ ብረቱ አስጠጋው። ሳዞር ሰማያዊ እሳት ጣ ጣ አለ። «እሳቱ ከቤቱ ወጥቷል» አለ። ገመዱን መለሰና አንዱን ካንዴላ ፈትቶ ብረቱ ላይ አስተኛው። «አዙሪ።» አዞርኩ። ካንዴላው ጨለማ ነው። «ድገሚ።» ደገምኩ። ምንም።

ነገሩ ያኔ ለሁላችንም ገባን። እሳቱ ከኮይሉ ወጥቶ ካንዴላው ጋ አልደረሰም፤ መንገድ ላይ የበላው አለ። መንገዱ ላይ ደግሞ ያለው አንድ ቤት ብቻ ነው። አባዬ ዲስትሪቢውተሩን በጣቱ ቆረቆረው።

«ሌባው እዚህ ቤት ውስጥ ነው» አለ።

ከመኪናው ዘልዬ ወረድኩ። እልል ልል ምንም አልቀረኝም። አገኘው! ሮጬ ከጎኑ ቆምኩ። የክዳኑን ሁለት መቆንጠጫዎች በካቻቢቴው ፈልቅቆ ክዳኑን አነሣ።

ምላሷ የለችም። መሐሉ ላይ የቆመው ራቁቱን የቀረ ዘንግ ብቻ ነው። ረሻድ አየ፣ እኔ አየሁ። አፍንጫ የሌለው ፊት እንደማየት ነው፤ ሊያመልጥ የሚችል ነገር አይደለም።

አባዬ መነጽሩን አስተካክሎ ጎንበስ አለ። ክዳኑን በጨርቅ ከውስጥ ወለወለው። ከዚያ ጣቱን ሰዶ ምላሷ መኖር ያለባትን ቦታ ነካው። ባዶውን ዘንግ ይዞ ወዲህ ወዲያ አለው፤ አቧራ ካለ ብሎ እፍ አለበት። ጠበቅሁ። አሁን ይላል፣ አሁን «ምላሷስ?» ይላል።

«ንጹሕ ነው» አለ። «ምንም የላትም።» ክዳኑን መልሶ ገጠመው።

እኛ ዘንድ ጤነኛ ናት ለማለትም፣ ባዶ ናት ለማለትም ቃሉ አንድ ነው። አባዬ የመጀመሪያውን ሊል ሁለተኛውን ተናገረ። ማክሰኞ ማታ «እኔ ምንም የለኝም» ያለኝም ያኔ እንደገና ተሰማኝ።

ረሻድ ጉሮሮውን ጠረገ። «ጋሼ፣ ይቅርታ፣ የእኔ ዓይን ነው መሰለኝ። እስኪ አንዴ ይድገሙልኝ።»

አባዬ ደግሞ ከፈተ። ደግሞ ጎነበሰ። ከመጀመሪያው ይልቅ ብዙ ቆየ። «አየሁት እኮ ልጄ! ስንቴ ልየው?» ብሎ ቀና ሲል ፊታችንን አገኘው። ዕድሜውን በሙሉ በመስታወት የኃላፊ ፊት ሲያነብ የኖረ ሹፌር ነው፤ ፊት አያመልጠውም።

«ምንድን ነው ያላየሁት?» አለ።

ረሻድ እኔን ያያል፤ ዝም በል ያልኩት እኔ ነኝ። እኔ ደግሞ ምላሴ ከአፌ ተነቅሎ የወጣ ይመስል ቃል አጣሁ። አባዬ ሁለታችንንም በየተራ አየና የቮልሷ መርገጫ ላይ ቁጭ አለ። የላቡ ጠብታ ከአገጩ ላይ ጨርቁ ላይ ይወርዳል።

«ፅጌ፣ ዛሬ እሁድ ነው አይደል?»

«እሁድ ነው አባዬ።»

«ቁልፉ አንቺው ጋ ነው፤ ያዢው እንግዲህ። ነገ ውሰጂኝ።» ተነሣና እጁን ሊታጠብ ወደ ቧንቧው ሄደ። ትከሻው ከቱታው ውስጥ ያለ አይመስልም።

አሸነፍኩ። እንዲህ ያለውን ማሸነፍ ለጠላቴም አልመኝለት።

ዓይኔ ደፍርሶ ወደ ቤት ገባሁ። በእጅ ተነቅላ የምትወጣ ነገር ብቻዋን አትጠፋም። እማዬ ጓዳ ቁጭ ብላ ምስር ትለቅማለች።

«እማዬ፣ የት ናት?»

ምኗ ብላ አልጠየቀችኝም። እጇ ብቻ ሰፌዱ ላይ ቆመ። ከዚያ ጎንበስ ብላ የመቀነቷን ጫፍ ፈታች። ቡናማዋ ቁራጭ መዳፏ ላይ ወጣች።

«ከአስኮ የመጣችሁ ዕለት ነው» አለችኝ። «አመሻሽ ላይ ወጥቶ ነቅሎ አመጣልኝ። ‹ያዢ ሸዋዬ፤ ወታደሮቹ ታች መንገዱ ላይ ናቸው› አለኝ። የቀለደ መስሎኝ ልስቅ ነበር። ዓይኑን ሳየው ግን እውነቱን ነው። እዚያው 83 ላይ ነው ያለው።»

«ከዚያስ?»

«ከዚያማ ሲመሽ ሲመሽ ይመጣና ‹ይዘሻል?› ይለኛል። ‹ይዣለሁ› እለዋለሁ። ‹ጎበዝ› ብሎኝ ይተኛል። ሲነጋ ይረሳዋል፤ ወጥቶ ሲታገላት ይውላል።»

«ታዲያ ሲነጋ ለምን አትሰጪውም? ሳምንቱን ሙሉ ሲቃጠል እያየሽ! ለእኔስ ለምን አልነገርሽኝም?» ጮህኩባት። እናቴ ላይ ጮህኩ።

እሷ አልጮኸችም። «ብሰጠው ነድቶ ይሄዳል፤ ሄዶም መመለሻው ይጠፋዋል። ብነግርሽ ደግሞ አንቺ ትወስጂዋለሽ። ምን ላድርግ ፅጌ? በየት በኩል ብዞር የሚቀረኝ ባዶ ቤት ነው።»

የቮልሷን ምላስ ከመዳፏ ላይ አነሣኋት።

«ምን ልታደርጊ ነው?»

«ዛሬ ያሸንፍ» አልኳት። «ሐኪሙ የሚነግረኝን አሁን በዓይኔ አይቻለሁ። ነገ ይነግረኛል፣ ከነገ ወዲያ ይነግረኛል፣ የትም አይሄድብኝም። ዛሬ ግን ተሸንፎ አይተኛም።»

ተከትላኝ በሩ ድረስ መጣችና ጋቢዋን ትከሻዬ ላይ ጣል አደረገችልኝ። ብርዱ ጀምሯል፤ እማዬ በኀዘንም መሐል ብርድ አትረሳም።

አባዬ አሁንም ቧንቧው ሥር ነው፤ ንጹሕ እጅ ደጋግሞ ይፈትጋል። ለረሻድ በዓይኔ ነገርኩትና ክዳኑን ከፍቼ ምላሷን ቦታዋ መለስኩ። ጣቴ እንደ ልጅነቴ አወቀው። ረሻድ ካንዴላዋን አሰረ። ወደ አባዬ ሄጄ ቁልፉን እጁ ላይ አስቀመጥኩለት።

«አባዬ፣ ፀሐይ አልጠለቀችም። ቃል ቃል ነው፤ እሁዱ እስኪያልቅ ጊዜ አለህ። እስኪ አንዴ ሞክራት።»

ሊተወኝ ፈለገ። ከዚያ ቁልፉን አየና ሄደ። ገባ፣ ፍሪሲዮን ረገጠ፣ አዞረ። ቮልሷ እህ ብላ ሳትጨርስ ተነሣች። ታታታታታ። ግቢው በጭስ ተሞላ። የጎረቤቱ ፎቅ ላይ ልብስ የምትሰቅል ልጅ ቁልቁል አየችን።

አባዬ በሩን ሳይዘጋ ወጣ። ፊቱ ላይ ያለውን መናገር አልችልም። «አላልኩሽም? ምንም የላትም አላልኩሽም?» እያለ ጣሪያዋን በመዳፉ ይደበድባል። «ቤንዚን አፍኗት ነው! ትንሽ ማረፍ ነበር የፈለገችው! ረሻድ፣ አንተ ጎበዝ ነህ፣ ግን ችኩል ነህ፤ መኪና ትዕግሥት ነው።»

«እውነትዎን ነው ጋሼ፣ ችኩል ነኝ» አለ ረሻድ። ዓይኑን በክርኑ ጠረገ፤ «ጭሱ ነው» አለኝ።

«ሐኪም የሚባል ነገርስ?» አለኝ አባዬ፣ ጣቱን ቀስሮ።

«አላነሣም» አልኩት።

ማድረግ የማይገባኝን ነገር ያኔ አደረግሁ፤ ተስፋ አደረግሁ። ክዳኑን የከፈትኩት፣ ምላሷን የመለስኩት እኔው ሆኜ ሳለ፣ ሞተሩ ሲጮህ ሁሉ ነገር አብሮ የተነሣ መሰለኝ። ምናልባት ሳምንቱ ነው ያደከመው አልኩ። ምናልባት ይሄ ደስታ ራሱ መድኃኒት ይሆነዋል አልኩ። ያልጠረጠረ ተመነጠረ ሲለኝ የኖረ አባት ልጅ ነኝ፤ ያን ጊዜ ግን ምንም አልጠረጠርኩም።

የመግሪብ አዛን ሲጠራ ረሻድ ፌስታሉን አነሣ። እስከ መንገዱ ሸኘሁት። እጄን ይዞ ቆየና ሄደ። ስመለስ ግቢው ደብዝዟል። የቮልሷ ሞተር ጠፍቷል። አባዬ ከኋላዋ ቁጢጥ ብሎ ሞተሯ ላይ አጎንብሷል። ድምፅዋን እያዳመጠ መሰለኝ፤ ከዚያ ግን የጠፋ ሞተር ድምፅ እንደሌለው አሰብኩ።

ተነሣ። በአጥሩ ጥግ ጥግ፣ ቆርቆሮውን በትከሻው እየታከከ፣ ኮቴውን ሳያሰማ ወደ እኔ መጣ። ወደ መንገዱ አየ። እጄን ፈልጎ ያዘና መዳፌን ከፍቶ አንዲት ነገር አስቀመጠበት። ገና ትኩስ ናት። ጣቶቼን አንድ በአንድ አጠፋቸው፣ ደረቴ ላይ ያለውን ጋቢም አስተካከለልኝ።

«ያዢ ሸዋዬ» አለኝ በሹክሹክታ። «ታች መንገዱ ላይ ናቸው። ማንም ቢጠይቅሽ አላውቅም በይ። ለፅጌም እንዳትነግሪያት። ልጅ ናት፤ ታወራለች።»

ፊቴን ቅርብ ሆኖ ያየኛል። ቀና ብዬ አየሁት፤ እንዲያየኝ፣ ምናልባት ቢያየኝ ብዬ። ወታደሮቹን ነው የሚጠብቀው።

«ይዘሻል?»

«ይዣለሁ» አልኩት።

«ጎበዝ» አለና ወደ ቤት ገባ። የእማዬን ጋቢ ጫፍ ፈልጌ ቋጠርኳት።